«ቀና በል!» ከማለት በፊት ወንበሩን እንይ

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮቪድ ትምህርት ቤቶችን ሲያዘጋ፣ የጅማ ልጆችም ስልክ ላይ ተጎነበሱ። ያኔ ለጊዜው ነው ተባለ። ትምህርት ቤቶቹ ተከፈቱ፤ ስልኩ ግን አልለቀቃቸውም። የቤት ሥራው በቴሌግራም ይመጣል፤ የ12ኛ ክፍል ዝግጅቱ ዩቲዩብ ላይ ነው። ፈተናው ራሱ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኦንላይን ተሰጥቷል።

እኛ ወላጆች ለስልኩና ለዳታው እንጨነቃለን። ልጁ ምን ላይ ተቀምጦ እንደሚማር ግን ብዙም አናስብም። ሶፋ ላይ ነው፣ ወይ ፍራሽ ላይ በሆዱ ተኝቶ። ሲጎብጥ ስናይ «ቀና በል!» እንላለን። ይቃናል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ተመልሶ ይጎብጣል።

ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ሶፋው የተሠራው ለአዋቂ ነው። ልጁ ወደ ኋላ ተጠግቶ ልቀመጥ ቢል ጉልበቱ አይታጠፍም፣ እግሩም ይንጠለጠላል። ስለዚህ ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ ወገቡም ይቆለመማል። ስልኩ ጭኑ ላይ ሲሆን ደግሞ አንገቱ ይሰበራል። የአዋቂ ሰው ጭንቅላት 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አንገት 60 ዲግሪ ሲጎነበስ ግን የሚያርፍበት ጫና እስከ 27 ኪሎ እንደሚደርስ ተሰልቷል። ልጆች ደግሞ ከሰውነታቸው አንጻር ጭንቅላታቸው ትልቅ ነው።

የሚገርመኝ፣ ይህ የሚሆነው በእንጨት ሥራ በታወቀ ከተማ መሆኑ ነው። ከአንድ ግንድ የሚጠረበው ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ በአገር ሁሉ ይታወቃል። እሱ ግን ለቡና ነው እንጂ ለአልጀብራ አይደለም፤ መደገፊያ የለውም፣ ዝቅ ያለ ነው። ለልጁ የሚሆነውን አናጺያችን ይሠራዋል። ከተረከዙ እስከ ጉልበቱ መታጠፊያ ለኩና ስጡት፤ የመቀመጫው ከፍታ እሱ ነው። ጠረጴዛው ክርኑ በ90 ዲግሪ የሚያርፍበት ይሁን። አቅም ከሌለ የምግብ ጠረጴዛው ወንበር ይበቃል፤ ከወገቡ ጀርባ የተጠቀለለ ጋቢ፣ ከእግሩ ሥር ጠንካራ ሳጥን። ብዙ ብር የሚጠየቅበት የጌም ወንበር እንኳ እግር ካልረገጠ ዋጋ የለውም።

ስልኩን መጻሕፍት ደርድራችሁ አቁሙለት፣ በእጁ አይያዝ። ላፕቶፕ ካለ ከፍ አድርጋችሁ ርካሽ ኪቦርድ ሰኩበት፤ አለዚያ ወይ አንገቱ ወይ እጁ ይጎዳል።

ዓይኑንም አትርሱ። በየ20 ደቂቃው 6 ሜትር ያህል ራቅ ያለ ነገር ለ20 ሰከንድ ይመልከት። የጅማ ዝናብ ልጆችን ቤት እንደሚያግት አውቃለሁ። ቢሆንም ሲያባራ አስወጧቸው። ደጅ ብርሃን ላይ የሚውል ልጅ የሩቅ እይታው ቶሎ እንደማይደክም በጥናት ታይቷል። ደግሞስ የትኛውም ወንበር ቢሆን ለሰዓታት ሲቀመጡበት ያደክማል።

አንድ ነገር ግን ከወላጅ አቅም በላይ ነው። አንዳንድ መምህራን ጥቁር ሰሌዳውን ወይም የእጅ ጽሑፋቸውን ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይልካሉ። ልጁ በሁለት ጣቱ እየለጠጠ፣ አፍንጫውን ስክሪኑ ላይ ሊያስነካ ምንም አይቀረው። ለዚህ የትኛውም ወንበር መፍትሔ አይሆንም። ኖቱ በትልቅ ፊደል ተተይቦ ይላክ። ማንበብ የማያስፈልገው ማብራሪያ በድምፅ ይሁን። በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ስለ ክፍያ ብቻ ተከራክረን ከምንበተን፣ ይህንንም እናንሳ።