እርማት፦ የወር አበባ እየመጣም የማረጥ ምልክት ይጀምራል

እህቴ፣ ስለ ታላቅሽ «የወር አበባዋ እየመጣ ማረጥ ሊሆን አይችልም፤ ጭንቀት ነው» ያልሽው ስህተት ነው። ማረጥ የሚባለው የወር አበባ 12 ወር ሙሉ ሲቀር ነው፤ ምልክቱ ግን ከዚያ ዓመታት ቀድሞ፣ ብዙ ጊዜ በ40ዎቹ ይጀምራል። እኔ በ43 ዓመቴ ሌሊት ሌሊት አንሶላዬ በላብ ርሶ እየነቃሁ፣ ከሐኪም ቤት የእንቅልፍ ክኒን ብቻ ይዤ ተመልሻለሁ። አንድ የሆርሞን ምርመራ «ደህና ነው» ቢልም አትዘናጉ፤ በዚህ ጊዜ ሆርሞን ከቀን ቀን ይዋዥቃል። የወር አበባዋን ቀን፣ ላቡንና እንቅልፏን እየጻፈች የማህፀን ሐኪም ታማክር፤ ታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) እና ደም ማነስም ይታይላት። ሕክምና አለው፤ የሆርሞን ሕክምና ለማይስማማትም ሌላ መድኃኒት አለ። ደግሞ እርግዝና አሁንም ሊፈጠር ይችላልና መከላከያዋን አታቋርጥ።