ሊኩ የማን ነው?

8 ወር ሙሉ የጊታር ሊክ፣ ማለትም አጫጭር የተዘጋጁ የዜማ ሐረጎች፣ ስሸመድድ ከረምኩ። አሁን በጣም ከፍቶኛል። የኤ ብሉዝ ስኬል (ከኤ የሚነሳው የብሉዝ ሙዚቃ የኖታዎች ቅደም ተከተል) 6 ኖታ ነው፦ ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ኢ እና ጂ። 5ኛው ፍሬት (የጊታሩ አንገት ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ ዓይኔን ጨፍኜ አገኛቸዋለሁ። ግን 12 ባሩ (የብሉዝ ዘፈን የሚዞርበት ባለ 12 ክፍል ዑደት) ሲጀመር ከጣቴ የሚወጣው ሁሉ የሌላ ሰው ነው።

የሚያናድደኝ አስተማሪዬ ነው። በየሳምንቱ አዲስ ታብ (ጣት የት እንደሚያርፍ በቁጥር የሚያሳይ ጽሑፍ) ያድለኛል፣ አለቀ። ሐረጉ የት እንደሚተነፍስ፣ ለምን እዚያ ጋ እንደሚያርፍ አንድም ቀን አልነገረኝም። እስቲ የብሉዝ ጊታሪስቱን ቢቢ ኪንግን ስሙት! አንዲት ኖታ ይዞ ያንቀጠቅጣታል፤ ከዚያ ዝም ይላል። ዝምታው ራሱ ይናገራል። እኔን ዝም ማለት ማን አስተማረኝ?

ትናንት ማታ አንዲት ሊክ ብቻ ያዝኩ። የመጨረሻ ሁለት ኖታዎቿን ጣልኳቸው። ሲ የምትባለዋን ኖታ ክሯን ገፋ አድርጌ ግማሽ ድምፅ ሳትሞላ ከፍ አደረግኳት። አንድ ምት ዘግይቼ ገባሁ። ከራሴ ጉሮሮ የወጣች መሰለችኝ፤ ደጋግሜ ተጫወትኳት።

ታዲያ ይሄን ለማግኘት 8 ወር መፍጀት ነበረብኝ? አስተማሪዬ ገና በመጀመሪያው ሳምንት «መጀመሪያ በአፍህ አንጎራጉረው፣ ከዚያ በጣትህ ፈልገው» ቢለኝ ምን ነበረበት!