ፒያሳ ከፈረሰች በኋላ የተወለዱ የፒያሳ ልጆች

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ቤቶች መፍረስ ከጀመሩ ወዲህ የሰፈሩ ቤት ባነሰ ቁጥር የሰፈሩ ልጅ እየበዛ ሄዷል። የፒያሳዋ መንደር ዶሮ ማነቂያ ቆማ በነበረችበት ዘመን «ሰፈርህ የት ነው?» ሲባል «እዚያ ወደ ላይ ነው» ብሎ አገጩን የሚቀስር፣ ሽማግሌ ሲልክም «ቤተሰቡ አራት ኪሎ አካባቢ ነው በሉልኝ» እያለ የሚማጸን ሰው፣ ዛሬ በየሠርጉና በየምርቃቱ ድግስ ላይ ደረቱን ነፍቶ «እኛ የፒያሳ ልጆች» ይላል። ከዋሽንግተንና ከሲልቨር ስፕሪንግ የሚደውሉ ወዳጆቼም ቢሆኑ፣ ቀድሞ የቦሌና የካዛንቺስ ሰዎች መሆናቸውን የማውቃቸው ጭምር፣ ሰላምታውን ሳይጨርሱ «ሰፈራችንን አፈረሱት አይደል?» ይሉኛል። ይህ ሁሉ ሕዝብ በእርግጥ እዚያ ተወልዶ ቢሆን ኖሮ ያ ጭቃ ቤት ሁሉ ባለ ሃያ ፎቅ መሆን ነበረበት።

የፒያሳ ልጅነት አሁን ማዕረግ ወጥቶለታል። በዝቅተኛው እርከን ላይ የሚገኘው ሲኒማ ኢትዮጵያ ገብቶ ፊልም ያየ ሰው ነው። ከእሱ ከፍ ብሎ የሚቀመጠው ቶሞካ ቆሞ ቡና የጠጣው ሲሆን፣ እሱም ቢሆን «ወንበር አጥቼ ነው» ብሎ እውነቱን ከተናገረ ማዕረጉ ይገፈፋል፤ መቆሙን ወድዶ መሆን አለበት። ከዚያ በላይ ደግሞ ማህሙድ ሙዚቃ ቤት በር ላይ ቀጠሮ ይዞ የቀጠራት ልጅ የቀረችበት ሰው አለ። የመጣችለት ሰው ትዝታ እምብዛም አይከበርም፤ አግብቷት አብራው ስለምትኖር ታሪኩን ባሳመረ ቁጥር ከጎኑ እየታረመ ይቸገራል። ከሁሉም በላይ በወንበሩ ራስ የሚቀመጠው ግን የድሮዋን የጭፈራ ሰፈር ውቤ በረሃን በዓይኔ አይቻለሁ የሚለው ነው። ዕድሜው በጣት ቢቆጠር ውቤ በረሃ በደመቀችበት ዘመን ገና ጡት ያልጣለ ሆኖ ይገኛል፤ ቢሆንም በየትኛው ቤት የትኛው ዘፈን ሲከፈት ማን በማን ላይ ጠርሙስ እንደወረወረ አንድም ሳያስቀር ይተርካል። ቆጥሮ የሚያጋልጠው ሰው የለም፤ አጋላጩም የራሱን ዕድሜ መናገር ይኖርበታልና።

እኔ ዶሮ ማነቂያ ውስጥ በአንድ የቀበሌ ቤት ነው ያደግሁት። የቀበሌ ቤት ማለት በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ትርፍ ተብሎ የተወረሰና ለተከራይ የተሰጠ ቤት ሲሆን፣ ኪራዩ በኋላ ላይ ከአንድ ኪሎ ሽንኩርት ዋጋ በታች ወርዶ ነበር። እንዲህ ያለ ኪራይ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ጣራ አያስጠግንም። አከራዩ ገንዘቡ ስለማይበቃው አይጠግንም፤ ተከራዩ ቤቱ የእሱ ስላልሆነ አይጠግንም፤ እንዲጠግን የፈለገውም ፈቃድ ሲጠይቅ ይከርምና ክረምቱ ይቀድመዋል። ዛሬ በፎቶግራፍ እያየን «እንዴት ያለ ታሪካዊ ገጽታ» የምንለው የተንጋደደ ግድግዳ የተንጋደደው በዚህ መንገድ ነው።

ግቢያችን ውስጥ ከአሥር የሚበልጥ አባወራ ነበር፤ ሽንት ቤቱ ግን አንድ ነው። ቁልፉ እንዳይጠፋ ከተሰበረ የወንበር እግር ጋር በሲባጎ ታስሮ በአንዲት እናት በር መቃን ላይ ከተመታ ምስማር ይንጠለጠላል። ያንን የወንበር እግር ይዞ ግቢውን የሚያቋርጥን ሰው ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቀው የለም፤ ስንተኛ ጊዜው እንደሆነ ግን ሁሉም ይቆጥራል። ጠዋት ቁልፉን ደጋግሞ የወሰደ ሰው እኩለ ቀን ሳይሞላ ከሦስት ቤት የአብሽ ውኃ፣ ከአንድ ቤት ደግሞ «ትናንት የበላኸውን እስቲ ንገረኝ» የሚል ምርመራ ይደርሰዋል። ቆጣሪውም የጋራ ነበር። ምጣድ የሚሰካው በተራ ነው፤ አንዷ ተራዋን ሳትጠብቅ የሰካች እንደሆነ ግቢው ድርግም ይላል፤ በጨለማው ውስጥ መጀመሪያ የሚሰማው «ማን ናት?» የሚል ጩኸት ሲሆን፣ ቀጥሎ የሁሉም ምጣድ በአንድ ጊዜ ንጹሕ ይሆናል። ግድግዳው ስስ ስለነበረ ጎረቤት ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምንለው ከአልጋችን ሳንነሳ ነው፤ እሱም «ያኑርህ» ብሎ ይመልስና ሁላችንም እንተኛለን።

ይህ ሁሉ ዛሬ ተረሳ አልልም፤ ተሻሻለ እንጂ። ትዝታ የሚያፈስ ጣራ ሲደፍን የሚስተካከለው ቆርቆሮ መቺ የለም። በቅርቡ በአንድ ሠርግ ላይ የቀድሞ ጎረቤቴ ስለዚያው ግቢ ሲናገር ብሰማው፣ ሽንት ቤቱ ወደ ጓሮ የአትክልት ስፍራ ተቀይሮ፣ በሩ ሥር ይፈስ የነበረው ፍሳሽም «ጅረት» ተብሎ አገኘሁት። ላርመው አሰብሁና ሚስቱ በአድናቆት እያየችው ስለነበር ተውሁት።

ከሁሉ ይልቅ የተቸገሩት ግን ባለ ታክሲዎች ናቸው። የአዲስ አበባ ሰው በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር ተመርቶ አያውቅም፤ የሚመራው በ«ፊት ለፊት»፣ በ«ጀርባ»ና በ«ዝቅ ብሎ» ነው። ሕንፃው ሲፈርስ ታዲያ «ፊት ለፊቱ» አብሮ አልፈረሰም። እሑድ እሑድ ጊዮርጊስን ለመሳለም ከኮንዶሚኒየም የሚመጡ አንዲት እናት፣ አዲስ አበባን በስልኩ ካርታ ብቻ ከሚያውቅ ወጣት ሾፌር ጋር ሲነጋገሩ አብሬ ተሳፍሬ ሰምቻለሁ።

«እማማ፣ የት ጋ ላውርድዎት?»

«ከወርቅ ቤቶቹ ዝቅ ብሎ፣ ሥጋ ቤቱ ጋ።»

«እዚህ ሥጋ ቤት የለም እኮ እማማ።»

«እሱማ ፈርሷል፤ አበባ ተክለውበታል።»

«እሺ፣ እንግዲያው አበባው ጋ ላቁምልዎት?»

«አበባው ጋ ወርጄ ምን ልሠራ? ሥጋ ቤቱ ጋ አልሁህ እንጂ!»

ልጁ ስልኩን አየ፤ ስልኩም «መድረሻዎ ላይ ደርሰዋል» አለ። የደረስነው የብስክሌት መንገድ ላይ ነበር። እሳቸው ግን ግራ ቀኙን አይተው፣ «አዎ፣ እዚሁ ነው፤ ሚዛኑ የነበረው እዚች ጋ ነው» ብለው ወረዱ፤ ሒሳብ ሲከፍሉም «ሰፈሩን እያወቅኸው ታደክመኛለህ?» ብለው ገሠጹት።

በእርግጥ ማልቀስ የጀመርነው እኛ አይደለንም። ከጣሊያን ወረራ በፊት የከተማው ትልቅ ገበያ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የሚቆመው የአራዳ ገበያ ነበር፤ ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆዩበት ጊዜ የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍተው የዛሬውን መርካቶ ተከሉና ይህን ስፍራ ለራሳቸው ሱቅና ቡና ቤት አደረጉት። ያኔ በርበሬና ጨው የሚሸጥበትን አራዳ የሚያውቅ ሽማግሌ በአዲሱ መስተዋት ፊት ቆሞ «ሰፈራችንን አጠፉት» ሳይል አልቀረም ብዬ እገምታለሁ። እኛም በተራችን የምናለቅሰው እሱ ላለቀሰበት መስተዋት ነው። ከእሱም በፊት ቤተ መንግሥቱ ከእንጦጦ ወደ ፍል ውኃ ሲወርድ፣ ቆላ ወርዶ መኖር ያስጠላው ባላባት በብርዱ ውስጥ ተቀምጦ ሲያማርር ይታየኛል።

ሐውልቶቹን ብናይም እንደዚያው ነው። በ1923 ዓ.ም. ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫን ዋዜማ የተመረቀውን የዳግማዊ ምኒልክን ሐውልት ጣሊያኖች አንሥተውት ነበር፤ ከነፃነት በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልትም በ2005 ዓ.ም. ለባቡሩ ግንባታ ሲባል ተነሥቶ በብሔራዊ ሙዚየም ከቆየ በኋላ በ2008 ዓ.ም. ተመልሷል። እቴጌ ጣይቱ ያቋቋሙት ሆቴል እንኳ በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት በልቶት ዛሬም በስሙ ይጠራል። እንግዲህ በዚህ ሰፈር ውስጥ ተነሥቶ ለመመለስ ሐውልት፣ ተቃጥሎ ለመትረፍ ደግሞ ሆቴል መሆን ያስፈልጋል፤ ተከራይ መሆን ለሁለቱም አይረዳም።

ወደ ኮንዶሚኒየም የሄድነው ሰዎች ተበታተንን። አንዱ አራብሳ ደረሰው፤ ሌላው ገላን ጉራ፤ ግድግዳ ተካፍለው የኖሩ ሁለት ቤተሰቦች ዛሬ ለመጠያየቅ ሁለት ሦስት ታክሲ ይቀያይራሉ። ከሁሉም የከፋው ዕድራችን የገጠመው ነው። ጡሩምባ ነፊያችን ከአራብሳ ተነሥቶ ገላን ድረስ ሊነፋ ስለማይችል መርዶው ለቴሌግራም ተሰጠ። በመጀመሪያው መርዶ ላይ አንድ አባል ማዘኑን ሊገልጽ ፈልጎ አውራ ጣት አስቀመጠ፤ ሌሎች ሃያ ሰዎችም እሱን ተከትለው አውራ ጣታቸውን ቀሰሩ። ዳኛው «በሞት ላይ አውራ ጣት ማንሣት እንደ ደስታ ይቆጠራል» ብለው ቅጣት ቢወስኑም፣ ውሳኔያቸው ራሱ አውራ ጣት ተደርጎበት ጸደቀ። ድንኳኑን ማን ቤት እናስቀምጠው የሚለው ጉዳይ ግን እስካሁን አልተፈታም፤ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ገንዘብ ያዥ ድንኳን በደረጃ ተሸክሞ እንዲወጣና እንዲወርድ የሚያስገድድ አንቀጽ በመተዳደሪያ ደንባችን ውስጥ የለም።

አዲሱ ፒያሳ ቆንጆ ነው። ይህን መናገር ለምን እንደ ክህደት እንደሚቆጠር አይገባኝም። የእግረኛ መንገዱ ሰፊ ነው፤ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያም አጠገቡ ቆሟል። የሰፈሩ ቀንደኛ አልቃሾች ማታ ማታ እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው «ይህ መብራት ዓይን ይወጋል፤ ጨለማው ይሻለን ነበር» እያሉ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ድረስ በመብራቱ ያማርራሉ። ልጆቻቸው ፎቶግራፍ ሲነሡ ደግሞ «ወደ ግራ ጠጋ በይ፣ ማድ ቤታችን ጋ ቁሚ» ብለው ያስተካክላሉ። እኔም ቁጭ ብዬ አይቼ፣ ንጹሕ ሽንት ቤት ያለ ቁልፍና ያለ ምስክር ተጠቅሜ፣ ማንም ሆዴን ሳይጠይቀኝ ወደ ቤቴ ተመልሻለሁ። ነገሩ ምቹ ነው፤ ምን እንደጎደለ ለማወቅ ታክሲ ውስጥ ጥቂት ማሰብ አስፈልጎኛል።

እንደ እኔ እንደ እኔ በእውነት የተነጠቅነው ዱቤ ነው። ግቢያችን በር ላይ የነበረው ባለሱቅ ማንንም መታወቂያ ጠይቆ አያውቅም፤ «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱን ሰምቶ ዘይቱን ይቀዳል፤ ከጆሮው ላይ እስክሪብቶውን አውርዶ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። በዚያች ጠርዟ በተላጠ ደብተር ውስጥ ሙሉ ስም ያለው ሰው አልነበረም፤ «የመካኒኩ ሚስት»፣ «ረጅሟ»፣ «የወታደሩ ልጅ፣ ትንሹ» ተብሎ ይጻፋል። አባት ደመወዝ ሲዘገይበት ቤተሰቡ የሚበላው ከዚያች ደብተር ነበር። ዛሬ ኮንዶሚኒየማችን ሥር ያለው ሱፐርማርኬት ስሜን ከነአያቴ፣ ስልኬን ከነኮዱ ያውቃል፤ አንድ ሳሙና በእምነት ግን አይሰጠኝም። አልፈርድበትም፤ እኔም የገንዘብ ተቀባይዋን ስም አላውቅም።

ባለሱቁ በሕይወት አለ፤ ሱቁ ሲፈርስ ዕቃውን ሸጦ ደብተሩን ብቻ ይዞ ወጥቷል። ብዙ ጊዜ አይታይም። ባለፈው በአንድ የምርቃት ድግስ ላይ ግን፣ አንድ ጎልማሳ የድሮዋን ዶሮ ማነቂያ እየተረከ ሁላችንን ሲያስለቅስ፣ ያደገው እኛው ግቢ በር ላይ መሆኑን ሲምል፣ ከዚያው ሱቅ ይወስድ የነበረውን የከረሜላ ዓይነት በስም ሲጠራ፣ ባለሱቁ በዝግታ መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ሰላምታ ሰጠው፤ ጠላ ተቀዳለት፤ ጥቂት ሰማ። ከዚያም በትሕትና ጎንበስ ብሎ፣

«የማን ልጅ ነህ?» አለው።

ተራኪው የያዘውን ጉርሻ ዋጠ። «እኔ እንኳ ያደግሁት ቀጨኔ ነው» አለ። «እዚያ እመጣ የነበረው ለአክስቴ ስላላክ ነው።»

«አክስትህስ ማን ትባላለች?» አለው ባለሱቁ፣ ከኮቱ ኪስ መነጽሩን እያወጣ።