ሞላ አይዞርም፤ ታዲያ ፓይ ከየት መጣ?

በሞላ ጫፍ የተንጠለጠለ ብረት ሽቅብ ቁልቁል ይመላለሳል እንጂ አይዞርም። ወርዶ ለመመለስ የሚፈጅበትን ጊዜ የምናሰላበት ቀመር ግን “ሁለት ፓይ” ብሎ ይጀምራል። ፓይ የክብ ቁጥር ነው፤ እዚህ ምን አመጣው? አንዲት ተማሪ ይህንኑ ጠይቃ “ቀመሩ ነው፤ ሸምድጂው” ተብላ ስትቀመጥ አይቻለሁ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በዚያ ምዕራፍ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ የለምና።

መልሱን ለማሳየት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። በአሮጌ የብስክሌት ቸርኬ ጠርዝ ላይ አንድ እርሳስ ወደ ጎን ወጥቶ እንዲታይ እንሰር። ቸርኬውን ግድግዳ አጠገብ ይዘን፣ ከክፍሉ ማዶ በጠርዙ ትይዩ የእጅ ባትሪ እናብራ። በእኩል ፍጥነት ስናዞረው የእርሳሱ ጥላ ግድግዳው ላይ ልክ እንደ ሞላው ይመላለሳል፤ መሐል ላይ ይፈጥናል፣ ጫፍ ሲደርስ ለቅጽበት ቆሞ ይመለሳል። እርሳሱ ከመሐሉ 30 ሴንቲሜትር ርቆ በ2 ሴኮንድ አንዴ ቢዞር፣ ጥላው መሐሉን ሲያልፍ በሴኮንድ 94 ሴንቲሜትር ያህል ይጓዛል፤ ጫፍ ላይ ግን ፍጥነቱ ዜሮ ነው። እርሳሱ ራሱ አንዴም አልፈጠነም፣ አልዘገየም።

ይህ የዓይን ማታለያ አይደለም። በክብ የሚዞር ነገር ሁልጊዜ ወደ መሐል ይሳባል። ለጥላው የሚደርሰው የዚህ ስበት የሽቅብ ቁልቁል ድርሻ ብቻ ነው፤ ድርሻውም ጥላው ከመሐል በራቀ ልክ ያድጋል። ሞላም ይህንኑ ያደርጋል፤ እጥፍ ሲለጠጥ በእጥፍ ይስባል። ሕጋቸው አንድ ስለሆነ ለእያንዳንዱ የሞላ ምልልስ አቻ ክብ አለው። ፓይ የመጣው የዚያን ክብ ዙር ስናሰላ ነው።

“ለፈተና ማዘጋጃ እንኳ ጊዜ አጠረን” የሚሉ መምህራን አሉ። ጭንቀታቸው ይገባኛል። ነገር ግን ሸምድዶ የረሳ ተማሪ ቀመሩን መልሶ የሚያገኝበት መንገድ የለውም፤ ጥላውን ያየ ግን ራሱ ይደርስበታል። ምዕራፉ በቸርኬው ይጀመር፤ ቀመሩ ይከተል።

ጋሊሊዮ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጥር 1610 ጁፒተር አጠገብ ያያቸው ብርሃኖች በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ግራና ቀኝ ይመላለሱ ነበር። ክባቸውን ከጎን ነበር የሚያየው፤ ከዚያ ምልልስ ተነሥቶ ጁፒተርን የሚዞሩ ጨረቃዎች መሆናቸውን ደረሰበት። ከመካከላቸው ካሊስቶ ዙሯን በ17 ቀን ገደማ ትጨርሳለች። ሳይነቃነቅ በተያዘ ተራ ባይኖኩላር ቦታዋን ማታ ማታ ደብተሩ ላይ ምልክት የሚያደርግ ተማሪ ያንኑ ምልልስ በገዛ እጁ ይስለዋል።