ወርቁን ገልብጣችሁ እዩት

ሚላን ውስጥ «ኮምፕሮ ኦሮ» የሚል ጽሑፍ የለጠፉ የአሮጌ ወርቅ ገዢዎች በየሰፈሩ አሉ። ሻካራ የድሮ የደረት ጌጥ ይመዘናል፤ 40 ግራም፣ ማህተሙ 750 (ከሺህ 750 እጁ ንጹሕ ወርቅ)፣ ስለዚህ 30 ግራም ንጹሕ ወርቅ። ተከፍሎበት ወደ ማቅለጫ ይሄዳል። ጀርባውን ገልብጦ የሠሪውን ፊርማ የሚፈልግ አለመኖሩ ያንገበግባል!

እዚችው ከተማ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አርናልዶና ጆ ፖሞዶሮ የተባሉ ወንድማማቾች በትልልቅ ቅርጻ ቅርጾቻቸው ሳይታወቁ በፊት ወርቅ ያንጥሩ ነበር። ወርቁን የሚያፈሱት ሴፒያ በሚባለው የባሕር እንስሳ አጥንት ውስጥ ነው። አጥንቱ ለሁለት ይሰነጠቃል፣ ለስላሳው ፊት እስኪገጥም ይፋተጋል፣ ቅርጹ ይፈለፈላል፣ ማፍሰሻና የአየር መውጫ ይበጅለታል፣ በሽቦ ታስሮ የቀለጠው ወርቅ ይገባል። አጥንቱ እርጥበት ካለው ወርቁ ይተፋል፤ አየር መውጫው ከጠበበ ጠርዙ ሳይሞላ ይቀራል። የአጥንቱ ንብርብር መስመር ወርቁ ላይ ይታተማል፤ የተፈለፈለው አጥንትም ስለሚቃጠል ያው ሥራ አይደገምም። ያንን መስመር «ቆሽሿል» ብሎ በሞተር መወልወል ሥራውን መግደል ነው። እንዲህ የተበላሹ ብዙ ናቸው።

አሜሪካዊው ቅርጻ ቅርጽ ሠሪ አሌክሳንደር ካልደር ደግሞ 1,800 ያህል ጌጥ ሠርቷል። አብዛኛው በመዶሻ የተቀጠቀጠ የናስና የብር ሽቦ ነው፤ ከመበየድ ይልቅ ጠምዝዞ ማያያዝን ይመርጥ ነበር። ናሱ በሚዛን ስንት ያወጣል?

አዲስ አበባ ፒያሳ ወርቅ ስንገዛ የግራሙን ዋጋ ጠይቀን በእጁ እንከራከራለን፤ ስንሸጥ የእጁ ዋጋ የለም። የእናት ሀብል ፋሽኑ አለፈ ተብሎ ለሙሽራ ሲቀልጥ የአንጥረኛው ጥበብ አብሮ ይቀልጣል። ስሙንም አብዛኛውን ጊዜ አልጻፈበትም፤ ማን እንደሠራው የምታውቀው ያስሠራችው እናት ብቻ ናት። እዚህ ሚላን የሠሪው ስም ተቀርጾ እያለ ማቅለጥ ግን ምን ይባላል?

ስለዚህ ከመሸጥ በፊት ጀርባውን፣ የመርፌውን መያዣ፣ የቀለበቱን ውስጥ በማጉያ መስታወት እዩ። 750 ካራቱን ብቻ ነው የሚናገረው። ከጎኑ ፊርማ፣ ወይም እንደ 3/9 ያለ የቅጂ ቁጥር ካለ ፎቶ አንሱትና ለጨረታ ቤት አሳዩ። ቀለበቱ ከጠበበም አንጥረኛው መጋዙን ከፊርማው ርቆ እንዲያስገባ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ አንዴ ከተቆረጠ ብየዳው ፊደሉን አይመልሰውም።