ለነቁት ምስጋና ይድረስ

የነቃ ሰው ባይኖር ምን ይውጠን ነበር! እኛ የዘይት ዋጋ ለምን ናረ ብለን ከባለሱቅ ጋር ስንጨቃጨቅ፣ እሱ ስልኩን አውጥቶ በሁለት መስመር ይገላግለናል፦ «አይሁዶች ናቸው። ሳይጠፋ ሼር አድርጉ!» አራት ዓመት ሙሉ ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ለከፈለው ክፍያ ያልቅስ።

ሙያው ቀላል እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ ሰነድ ይያዛል። የሰነዶች ሁሉ አውራ «የጽዮን ሽማግሌዎች ፕሮቶኮል» ነው፤ በ1903 (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በሴንት ፒተርስበርግ ጋዜጣ ላይ በተከታታይ የወጣ፣ አይሁዶች ዓለምን ለመግዛት የመከሩበት ቃለ ጉባኤ ነው የሚባልለት። የዕድራችን ቃለ ጉባኤ እንኳ ቀን፣ የተሰብሳቢ ስምና ፊርማ አለው። ይኼኛው ቀንም የሰው ስምም የለውም። ለነቃ ሰው ግን ምስጢርነቱ እዚያ ላይ ነው።

በተለይ ይህን ሰነድ ከሌላ ሰው መጽሐፍ የገለበጠው ሰው ትጋት ይደነቃል። ሞሪስ ዦሊ የተባለ ፈረንሳዊ ጠበቃ በ1864 የፈረንሳዩን ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሦስተኛን ለመንቀፍ በጻፈው መጽሐፍ፣ የፖለቲካ ፈላስፎቹን ማኪያቬሊንና ሞንቴስኪዩን ሲኦል ውስጥ አከራክሮ ነበር፤ መጽሐፉ ስለ አይሁድ ሴራ አንድም ነገር የለበትም። ገልባጩ የማኪያቬሊን ንግግር አንሥቶ «ሽማግሌዎቹን» አጎረሳቸው። የዦሊ ማኪያቬሊ ጋዜጦቹን መቶ እጅ ካለው ከቪሽኑ ጋር ያመሳስላቸዋል። መቼም ችኮላ ነውና ቪሽኑም አብሮ ተገለበጠ። እናም ከአንድ አምላክ በቀር የማያውቁት የጽዮን ሽማግሌዎች፣ በምስጢር ስብሰባቸው የሕንድ አምላክ ሲጠሩ እናገኛቸዋለን! የለንደኑ «ታይምስ» ዘጋቢ ፊሊፕ ግሬቭስ በ1921 ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አትሞ አሳየ። ነገሩ ያለቀ መስሎት ከነበረ፣ የዋህ።

ዋናው ጥበብ የሚጀምረው ከተጋለጡ በኋላ ነዋ። ሂትለር በመጽሐፉ፣ «ፍራንክፉርተር ጻይቱንግ» የተባለው የጀርመን ጋዜጣ «ሐሰት ነው» እያለ መጮኹ ራሱ የእውነተኛነቱ ዋና ማረጋገጫ ነው ብሎ ጻፈ። ከዚህ በላይ የተመቸ ሚዛን ከየት ይገኛል? ካዱ፣ ማስረጃ ነው። ዝም አሉ፣ ደበቁ። አሜሪካዊው የመኪና አምራች ሄንሪ ፎርድ ይህንኑ ወሬ በጋዜጣው ሲነዛ ቆይቶ በ1927 ይቅርታ ጠየቀ፤ ዛሬ የነቃውን ብትጠይቁት «አስፈራርተውት ነው» ይላችኋል።

ደግሞስ ምን ያድርግ? ድርቅን ማን ይሰድበዋል? ምንዛሪ ፊት የለው፣ በጥፊ አይመታ። ንዴት ባለቤት ይፈልጋል። በ1349 የስትራስቡርግ ሰዎች፣ አውሮፓን ያጠቃው «ጥቁር ሞት» የተባለው ወረርሽኝ ከተማቸው ሳይገባ «ውኃ መርዘዋል» ብለው አይሁድ ጎረቤቶቻቸውን አቃጠሉ። ወረርሽኙ እንደሆነ ከመምጣት አልቀረም።

ሌላው ብልሃት በር ዘግቶ «ለምን በመስኮት ገባህ?» ማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ አይሁዶች በብዙ አገር መሬት እንዳይዙ፣ ከእጅ ባለሙያ ማኅበራትም እንዳይገቡ ተከለከሉ፤ ለክርስቲያኑ በወለድ ማበደር ኃጢአት ስለነበር አበዳሪነቱ ተተወላቸው። ከዚያ ምን ተባሉ? ገንዘብ ወዳዶች።

በዚህስ ከፈረንጅ አናንስም፤ ስልክ ሳይመጣ ነቅተናል። ቤተ እስራኤል ርስት ተነፍገው ወደ ብረትና ሸክላ ሥራ ሲገቡ፣ ቀን ማረሻና ምጣድ ገዛናቸው፣ ማታ «ቡዳ ናቸው፣ ጅብ ይሆናሉ» አልን። በዚያ ማረሻ የታረሰውን፣ በዚያ ምጣድ የተጋገረውን ጤፍ ግን ቡዳ ነክቶታል ብሎ የተፋ አልተሰማም።