ለልቅሶ ለመጣችሁ የብቸና ልጆች

«ሰው ካልሞተ ወይ ካልሄደ አይመሰገንም» የሚለውን ተረት እንደ ሕግ ይዘነው ቀርተናል። እማሆይ ባረፉ ማግሥት ስልኬ በፎቷቸው ተሞላ። «የከተማችን እናት»፣ «የድሀ መጠጊያ»፣ «የማይተኩ ዋርካ»፤ ያልተባለ የለም። እኒህ ዋርካ ያላችኋቸው ሴት ክረምቱን የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ሲከርሙ የአንድ ቆርቆሮ ዋጋ የላከ ከመካከላችሁ ማን ነው?

ልቅሶ ላይ ሰው አይገሠጽም ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው። ሰልስቱ ግን አልፏል፣ እንግዲህ እንነጋገር። የብቸና ልጆች አልኩ እንጂ የሞጣም፣ የደጀንም፣ የደብረ ወርቅም ልጅ ይስማ፤ እንዲህ ያለች እናት የሌላት ከተማ የለችም።

ወጣቶቹ ስለማታውቁት ልንገራችሁ። በዚያ ዘመን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለው ጥቂት ከተማ ላይ ብቻ ነበር። ከዓባይ በረሃ አፋፍ የሚመጣው የገበሬ ልጅ አምስት ስድስት ሆኖ አንዲት ክፍል ይከራያል፤ እሑድ ማታ የሳምንት እንጀራና ሽሮ ተሸክሞ ይገባል። ሐሙስ ሲደርስ እንጀራው ሻጋታ ያወጣል። እማሆይ ያኔ ቆብ አልደፉም፤ ጠላ እየሸጡ የሚኖሩ ሴት ነበሩ። ሐሙስ ከሰዓት ምጣድ ይጥዱና «ያንን የሻገተውን አምጣው፣ ለከብት ይሆነኛል» ብለው ተቀብለው በትኩስ ይለውጡልን ነበር። ከብት አልነበራቸውም። ልጁ እንዳያፍር ነው።

ማትሪክ ሲቃረብ ደግሞ ልጆቹ በፋኖሱ እንዲያጠኑ ጠጪውን በጊዜ ይሸኙታል። ለጠላ ሻጭ ምሽቱን መዝጋት ምን ማለት እንደሆነ ጠላ ቤት ያደገ ያውቀዋል። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ፊደል ያስቆጠሯቸው እነዚያው ያስጠለሏቸው ተማሪዎች ናቸው። ከዚያች ጓዳ ሐኪም ወጥቷል፣ መሐንዲስ ወጥቷል፤ ዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳም፣ አዲስ አበባ የሹም ወንበር የያዘም ወጥቷል። ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ድንኳኑ በር ላይ የሰቀላችሁት ባነር «በ97 ዓመታቸው» ይላል። ማን ነገራችሁ? እሳቸው «ጣሊያን ሲገባ ድክ ድክ እል ነበር» ነው የሚሉት። ጣሊያን የገባው በ1928 ነው፤ ዘጠናን ጥቂት አልፈዋል ቢባል ያስኬዳል፣ 97 ግን ከባነር አታሚው ቤት የመጣ ቁጥር ነው። ልደትና ሞት በአገር አቀፍ ደረጃ በመዝገብ መያዝ የተጀመረው ገና በ2008 ማብቂያ ላይ ስለሆነ የእሳቸው ትውልድ መዝገቡ አንደበቱ ነው። የጠየቃቸው ቢኖር ክርስትና የተነሱበትን በዓል ጠርተው፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ነውና ወደ ኋላ ቆጥረው የተወለዱበትን ቀን ይነግሩት ነበር። አልጠየቃችሁም። በቀይ ሽብር ጊዜ በዚያ ቤት ማን ተሸሽጎ እንዳለፈም አልጠየቃችሁም፤ አሁን አብሮ ተቀበረ።

መንገድ ተዘግቶ ነው፣ ኔትወርክ ጠፍቶ ነው ላላችሁት መልስ አለኝ። ያለፉት ጥቂት ዓመታት ምን እንደነበሩ እዚሁ ያለን ሰዎች ከእናንተ በላይ እናውቃለን። ከዚያ በፊት መንገዱ ክፍት የነበረበት ሃያ ዓመትስ?

መንግሥት ላይም አትጣሉት። የጡረታ ሕጉ የሚያውቀው የመንግሥት ሠራተኛን፣ ከ2003 ወዲህ ደግሞ የግል ድርጅት ሠራተኛን ነው። ጠላ ጠምቆ የሰው ልጅ ያስተማረ ሰው እዚያ ውስጥ የለም። የእማሆይ ጡረታ እናንተ ነበራችሁ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጯቸውን በየዓመቱ ስታሳድስላቸው የኖረችው ጎረቤታቸው ናት፣ ራሷ እንጀራ እየሸጠች። ያ መዋጮ ለባነሩና ልቅሶውን በቪዲዮ ላስተላለፈው ልጅ ከከፈላችሁት ያንሳል። አስታማሚዋም፣ ገላ አጣቢዋም እሷ ነበረች። ድንኳን ውስጥ ግን ከበሩ ሥር ተቀምጣ አየኋት፤ ፊት ያለው ወንበር በመኪና ለመጣ ሰው ተይዟል።

ዶክተር አበበች ጎበና ሰኔ 27 ቀን 2013 ሲያርፉ አገር አልቅሶላቸዋል፤ ይገባቸዋል። ግሸን ማርያም ለመሳለም ሄደው ረሃብ ወላጅ ያሳጣቸውን ሕፃናት ይዘው ሲመለሱ ግን የገዛ ቤተሰባቸው እንደ እብድ ነበር ያያቸው። እሳቸው በኋላ ድርጅት አቋቁመው ስማቸው በዓለም ተሰማ። ድርጅት ያላቋቋመችው፣ በአንዲት ምጣድ ያደረገችውን ያደረገችው የትንሽ ከተማ ሴት ስሟ የሚነሳው የእድሩ ጥሩንባ ሲነፋ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ለአርባቸው የእብነ በረድ ሐውልት የሚያሠራ ኮሚቴ ተቋቁሟል አሉ። አርባቸው ይውጣ፣ ፍትሐቱም ይድረስ፣ ነዳያንም ይብሉ፤ የአባቶች ሥርዓት ነውና አልከራከርም። የእብነ በረዱን ቀብድ ግን ካልከፈላችሁ አትክፈሉ። ከእሳቸው ቤት ዝቅ ብሎ ሁለት አሮጊቶች አሉ። አንደኛዋ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ደብረ ማርቆስ ወስዶ የሚያሳክማቸው ሰው ነው የጠፋው። ሁለተኛዋ የአሥራ አንደኛ ክፍል ሽሯችሁን ሲሠሩላችሁ የነበሩት ናቸው፤ ስማቸውን ከረሳችሁት ያቺ ጎረቤት ትነግራችኋለች። የኮሚቴው ሰብሳቢ መዋጮ ያላችሁ ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ደውሉልኝ ብሏል። ስትደውሉ የእነዚህን የሁለቱን ጉዳይ አስቀድሙለት።